ቱሉ ዲምቱ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል

አስፋልቱ ደክሞት ከሚቆምበት፣
በጤፍ ማሳና በብሎኬት ማምረቻ መሀል፣ አለች አንዲት ቤት።
«ሩት ፎቶና ኮፒ» ይላል የደጁ ታፔላ፤
ሩት የለችም፤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከአሮጌዋ ኮምፒውተር ኋላ።

ብጉር አጠፋለሁ። ላብ አደርቃለሁ።
ለጉርድ ፎቶ ኮት አለብሳለሁ፤
አንድ ጥቁር ኮት አለኝ፣ መርፌ ነክቶት የማያውቅ፣
ሰፈሩን ሁሉ ያለበስኩት፣ ክሩ የማያልቅ።
ሰው የሚከፍለኝ ለሆነው አይደለም፤
ለተመኘው ነው። እሱም ግድ የለም።

ያን ቅዳሜ ሙሽሮች ይዤ ወጣሁ፣ ከግንባታው ጀርባ።
አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ ፀሐይ ወደ ፉሪ አዘንብላ
ከየድንጋዩ ሥር ጎትታ አውጥታለች ረጅም ጥላ።
«እንዳትንቀሳቀሱ!» አልኩ። ቬሎውን ነፋስ ነፋው።
ተጫንኩት።

ማታ ስከፍተው፣ ከሙሽራዋ በስተግራ፣
ከብሎኬት ክምሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ቆሟል ከአካፋው ጋራ፤
ሲሚንቶ እስከ ቅንድቡ፣ ግማሽ ዳቦ በእጁ።
ይስቃል፤ የገዛ እህቱ የተዳረች ይመስል ከደጁ።

የሙሽራዋ አክስት፣ እትዬ አስካለች፣ በጣቷ ነካችው፤
ስክሪኑ ላይ የቅቤ አሻራ ቀረ። «ይሄን ሰውዬ አንሣው።
ፖሉንም። ሰማዩንም ትንሽ ሰማያዊ አርገው።»

አንሣው አለችኝ።
ፎቶ ሲያነሡም ማንሣት ነው፣ ከቦታ ሲያነሡም ማንሣት፤
ቅዳሜ አንሥቼው ነበር፣ ማክሰኞ ደግሞ አነሣሁት።
ከጎኑ ሣር ቀድቼ፣ ሣር አለበስኩት።
ፖሉን ነቀልኩ፣
ሰማዩን አጠብኩ፣
ሁለት ሺህ ብር ተቀበልኩ።
ካርዱንም ለሚቀጥለው ሠርግ ባዶ አደረግኩ።

ሰኔ ገባ። ጭቃው የታክሲ ጎማ መዋጥ ጀመረ።
አንዲት ሴት መጣች፤ ነጠላዋ የጠቆረ።
«ግቢ በጫማሽ» ብላትም ደጅ አወለቀች።

«ላምቤቦ የሚባል ወንድም ነበረኝ፤ እዚያ፣ ብሎክ ሃያ ሦስት።
ከአራተኛው ፎቅ መወጣጫው ከዳው፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት።
ጓደኞቹ ነገሩኝ፤ ‹ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ› ብሎ
ሲያወራ ከረመ አሉ፣ ለወሬው ምሳውን ጥሎ።
መታወቂያው? ሆስፒታል ጠፋ አሉኝ።
እናታችን ሆሳዕና ናት። ‹ፊቱን አምጡልኝ› ትላለች።»

ካርዱን ፈተሽኩ፣ ፍላሹን፣ የኮምፒውተሩን ቅርጫት።
እያወቅሁት ፈተሽኩ፣ እሷ እስክትቀመጥ ድረስ ለማምሸት።

መሥራት እችል ነበር። ለምን እዋሻለሁ?
ከአንዱ ግንባር፣ ከሌላው ጥርስ ወስጄ ሰው እገጥማለሁ፤
እናት ግን ያንን ፊት ስማ ብትተኛበትስ?

እጄን ከማውሱ ላይ አንሥቼ፣ ያየሁትን ነገርኳት።
ዳቦውን የተነከሰበትን በኩል ወደ ደረቱ አዙሮ መያዙን፤
የፊት ጥርሱ በግራ በኩል መሸረፉን።
«እኔ ነኝ» አለች። «በድንጋይ። ስድስት ዓመቱ ነበር።»
ከዚያ ሁለታችንም ዝም፤ ከቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይናገር።

ድንገት ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፤ «ይሄስ የማን ነው?»

ከባዶ ሣር ተነሥቶ፣ እስከ ቬሎው ጫፍ የተጋደመ፣
ትከሻ ያለው ጥላ፤ ከጎኑ አንድ ቀጭን መስመር የቆመ፤
አካፋ።
የብሎኬቱ መስሎኝ ትቼው ነበር። ዓይኔ አልፎት ነበር።

«እጠብልኝ» አለች።
ጥላውን ብቻ ላስቀር፣ ሙሽሮቹን ልቆርጥ ስል
እጄን ያዘችኝ።
«ተው። ምንም አትንካ።
እነሱም ይኑሩ።
ሠርግ ላይ ነበርኩ ብሏል።»